ለሞላሌ ብርድ የሚሆን ጊታር

ሞላሌ ላይ ጊታር ይዞ መኖር ከብርድ ጋር ሙግት መግጠም ነው። ሙግቱን የሚረታው ደግሞ ሁልጊዜ ብርዱ ነው። የመንዝ ሰው ለብርዱ መላ አለው፤ ከበጉ ጠጉር የተሠራ ባና ይከናነባል፣ በርኖስ ይደርባል፣ ማታ ኩበት አንድዶ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ጊታር ግን ራቁቱን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ፣ ማታ የምድጃ ወላፈን ይፈራረቁበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ገብቶ አልጋ ላይ ይቀመጣል።

ሌላ ጊታር ፍለጋ ያስወጣኝ የቀድሞው ጊታሬ አሟሟት ነውና ከእሱ ልጀምር። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ባቄላውን ሲያጠቁር በሰነበተበት ሰሞን፣ ሌሊት “ቋ!” የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥመዱ አይጥ የያዘልኝ መስሎኝ “እሰይ!” ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። ሲነጋ ወጥመዱ ባዶ ነው። ጊታሩን ባወርደው ሆዱ ከብሪጁ ሥር ተነሥቶ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልጣለውም። ደርቆ ነው የሞተው።

እንጨት ቢቆረጥም፣ ቢላግም፣ ቫርኒሽ ቢቀባም ውኃ መጠጣቱን አይተውም። አየሩ ሲረጥብ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅ ተፍቶ ይኮማተራል። የጥሩ ጊታር ፊት ደግሞ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የስፕሩስ ጣውላ ነው። ዙሪያውን በሙጫ ስለተያዘ ልኮማተር ሲል መሄጃ ያጣል፤ ይሰነጠቃል። ጊታር ሠሪዎች ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመክራሉ። ሞላሌ ይህ ምክር አልደረሳትም።

ከተማው ውስጥ አንድ አናጢ ዘንድ ወሰድኩት። በርና መስኮት ሲሠራ ያየው ሁሉ እጁን የሚመርቅለት ሰው ነው። ጊታሩን አገላበጠ፣ በጣቱ ቆረቆረ፣ ጆሮውን ጣል አደረገበት።

“ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?”

“አዎ፣ ባዶ ነው።”

“ታዲያ ሚስማሩን ምን ላይ ልመታው ነው?” አለኝ፣ ከልቡ ተጨንቆ። ጊታሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ላሳክመው የተነሣሁት ገና ሊደርስ ሲል ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ሞላሌ የደረሰው አውቶቡስ ውስጡ ሰው፣ ጣራው በግ ሞልቶታል። ረዳቱ “ይህን ታቅፈህ የሁለት ሰው ቦታ ልትይዝ ነው?” ብሎ ነጠቀኝና ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ከበጎቹ ጎን በገመድ ጠፈረው። መዘዞን አልፈን ወደ ጣርማበር ስንቃረብ ጉሙ ወረደ፤ ሾፌሩ በዓይኑ ሳይሆን በጡሩምባው ይነዳል። ከላያችን ኮቴ ይሰማል። መጀመሪያ ኮቴ ብቻ ነበር፤ በኋላ በኮቴው መሐል “ድን... ድድን...” የሚል ነገር ገባበት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሽቅብ እያዩ፣ “ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ?” አሉ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጉዱ ወጣ። አንድ ነጭ ሙክት የፊት እግሩን በስንጥቁ ከትቶ ጊታሩን እስከ ጉልበቱ ለብሶታል። እግሩን ሲነቀንቅ ክሩ ይመታል፤ ክሩ ሲመታ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይነቀንቃል። ጣርማበርን ያለፈው እንዲህ ሲዘፍን ነው። የሙክቱ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ በጋቢያቸው ታጥቀው መጡብኝ።

“አንተ ልጅ! ለገና ገበያ የወጣ በግ ላይ ወጥመድ ታጠምድበታለህ?”

“አባባ፣ እሱ እኮ ጊታር ነው። የሰበሩትም እርስዎ ነዎት... ማለቴ በግዎ ነው።”

“እግሩ ቢሰበርስ? አንካሳ በግ ማን ይገዛኛል? አንተ ትገዛኛለህ?”

እዚያው ሻይ ቤት ሽማግሌ ተሰየመ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ በጉ ደኅና ነው፣ ጊታሩም ድሮውኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ማንም ለማንም አይክስ፤ ሻዩን ግን ባለ ጊታሩ ይክፈል። ከፈልኩ። እንዲያው ሲታሰብ በግና ሙዚቃ በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው፤ የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል። ለበገና አንጀቱን የሰጠ በግ ለጊታር ሲሆን እግሩን መላኩ ያስተዛዝባል።

አዲስ አበባ ያለው ጠጋኝ ቀዳዳውን አየና “ይህስ ይቀበር” አለኝ። ስለ ሙክቱ አልነገርኩትም። መንገዱ ግን ለከንቱ አልሆነም። ከውጭ ለበዓል የመጣ አንድ ጊታር ተጫዋች ክር ሊገዛ እዚያው ሱቅ ገብቶ ኖሮ፣ ሐዘኔን አይቶ የራሱን አስያዘኝ። ጥቁር ነው። ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት ከላዩ ሽፋን ሥር እንደ ሰሌን የተሸመነ ነገር ብልጭ ይላል። የካርቦን ክር ነው። አንዷ ዘለላ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነች ናት፤ ተሸምኖ፣ ኢፖክሲ ጠጥቶ፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ደርቆ ነው ጊታር የሚሆነው። ሰውዬው የጀመረውን የውኃ ጠርሙስ ጊታሩ ፊት ላይ ገለበጠና በእጅጌው ጠረገው። ጠጋኙ ዓይኑን ጨፈነ።

ትዝታ ተጫወትኩበት። ድምፁ ይጠራል፣ ይረዝማል። ለእኔ ጆሮ እንዲያውም ከልክ በላይ ይረዝማል። ትዝታ ላይ አንዱ ድምፅ ለሚቀጥለው ቦታ መልቀቅ አለበት፤ እነ ካሳ ተሰማንና አስናቀች ወርቁን በክራር የሰማ ሰው በምትና በምት መካከል ያለችውን ዝምታ ያውቃታል። ካርቦን ዝም ማለት አይወድም። በጥፍር መምታቱን ትቼ በጣቴ ሥጋ ስነካው ግን ለዘብ አለልኝ። ልቤ እዚያው ቀረ።

የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ትኖራለች። ነገሩን ስነግራት “ለፋሲካ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ፤ አንተ ብቻ ምረጥ” አለችኝ። ማስጠንቀቂያዋ ሁለት ነው፤ ዋጋው ከአንድ ሺህ ዶላር ብዙ እንዳይርቅ፣ ቁመቱም ከሻንጣዋ እንዳያልፍ። መከራው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። በገና ጊታር ያልነበረው ሰው በጥምቀት ስለ ጊታር ብቻ የሚያወራ ሰው ሆነ።

ለነገሩ ጊታርን ከእንጨት ሌላ በሆነ ነገር የመሥራቱ ሐሳብ የትናንት አይደለም። ቻርልስ ካማን የሚባል ጊታር የሚወድ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ስለ ንዝረት ከሄሊኮፕተር የተማረውን ወደ ጊታር አዞረና በ1966 እ.ኤ.አ. ጀርባው ጎድጓዳና ሰው ሠራሽ የሆነውን ኦቬሽን አወጣ፤ በ1976 ደግሞ አዳማስ በተባለው ጊታር ፊቱንም ወደ ካርቦን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሬንሶንግ ከሃዋይ፣ ኤመራልድ ከአየርላንዷ ዶኔጋል፣ ክሎስ ከዩታ መጡ። ልብ በሉ፤ ሃዋይ ወበቅና እርጥበት ነው፣ ዶኔጋል ዝናብ አይለየውም፣ ዩታ ደረቅ ደጋ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የካርቦን ጊታር የሚወለደው አየሩ ከእንጨት ጋር በተኳረፈበት አገር ነው። በዚህ ሒሳብ ሞላሌም አንድ ፋብሪካ ይገባት ነበር።

ሬንሶንግንና ኤመራልድን ዋጋቸው ገና ከበሩ መለሳቸው። አንድ ቀን የሬንሶንግን ዋጋ በብር መንዝሬ ለአክስቴ ብነግራት እንዝርቷን አስቀመጠች።

“ለጥቁር ሣጥን?”

“ጊታር ነው፣ እታለም።”

“ይሄ እኮ የጥማድ በሬ ዋጋ ነው፣ ልጄ። በሬው ያርስልሃል። ይሄ ምን ይሠራልሃል?”

ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ዋጋ አላነሣሁም።

የቻይናው ላቫ ልቤን ሰርቆት ነበር። ላቫ ሚ 3 የሚሉት ስክሪን አለው፤ ከበሮ ይመታልሃል፣ ድምፅህን ይቀዳልሃል፣ ማሚቶ ይጨምርልሃል። ይህ ሁሉ ግን ባትሪ የሚበላ ነው፤ ሞላሌ ላይ ደግሞ መብራት ሲሄድ የሚመለስበትን ቀን ነግሮ አይሄድም። ስክሪኑ የተበላሸ ዕለትስ? ስልክ ጠጋኙ ጋ ብወስደው ጊታር ነው ይለኛል፤ አናጢው ጋ ብወስደው ስልክ ነው ይለኛል። ተውኩት።

ኢንያ ኖቫ ጎ ርካሽ ነው፤ እሱ ግን ካርቦን የተቀላቀለበት ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ነው እንጂ ያ የተሸመነው ካርቦን አይደለም። ይህን ስል ልንቀው አይደለም። ልጆች ለሚቀባበሉት፣ ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ከሆነ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። እኔ የፈለግሁት ግን ያን አዲስ አበባ የሰማሁትን ድምፅ ነው።

ቀረ ክሎስ። እሱም ሁለት ዓይነት ሆኖ ጠበቀኝ። አንደኛው አካሉ ካርቦን፣ አንገቱ እንጨት ነው፤ ሁለተኛው እስከ አንገቱ ካርቦን ነው። ባለ እንጨት አንገቱ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ለእጅም ይሞቃል። የአክስቴ ልጅ በስልክ “አንዱን ቁረጥ!” ትለኛለች፤ እኔ ማታ እንጨት፣ ጠዋት ካርቦን እላለሁ። ብርዱ በበረታበት ጠዋት ሁሉ ካርቦኑ ያሸንፋል፤ ፀሐይ ስትወጣ እንጨቱ ይመለሳል። በመጨረሻ “አንተ ሰውዬ፣ ሚስት እንኳን እንዲህ አይመረጥም” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ነገሩን የቆረጡልኝ በገና የሚደረድሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ሁዳዴ ገብቶ በገናው ከተሰቀለበት ወርዶ ነበርና ላዳምጥ ሄድኩ። በገናቸው የአባታቸው ነው። ከኩበቱ ጢስ የተነሣ እንጨቱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ዐሥሩ አውታር ከቀንበሩ ወርዶ በርኩማው ላይ ያርፋል፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ገብተው ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጡታል። መሪጌታ አንዱን እንዚራ በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት አውታሩ የነበረው እዝታ ጠፋ፤ መልሰው ሳብ ሲያደርጉት ተመለሰ። የገፉት የሩዝ ፍሬ ታህል አይሆንም። ለዚህ ፋብሪካ አልተጠራም።

“የኔታ፣ ይህ ሁሉ ውርጭና እሳት እያለ በገናዎ እንዴት ሳይሰነጠቅ ኖረ?” አልኳቸው።

“ማን አልተሰነጠቀም አለህ? እዚህ ጋ እየው።” ገበቴው ጎን ላይ በጠፍር የተሰፋ የቆየ ስንጥቅ አሳዩኝ። “ይህን አባቴ ሰፉት። ቆዳውን እኔ አስለወጥኩት። አውታር ሲበጠስ በግ ሲታረድ አንጀቱን አስቀምጡልኝ እላለሁ። ያንተን ማን ይሰፋዋል?”

መልስ አልነበረኝም። ምርጫው ግን ያን ማታ አለቀ። ሞላሌ ላይ የሚሰነጠቅ ነገር ሞላሌ ላይ የሚሰፋ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፈጽሞ የማይሰነጠቅ ይሁን። የእንጨት አንገት መሐል ሰፋሪ ነው፤ እንደ በገናው አይጠገንልኝም፣ እንደ ካርቦኑም አይችልልኝም። ስለዚህ ሙሉ ካርቦን፣ ትንሹ መጠን፣ ስክሪን የሌለው፣ ባትሪ የሌለው። የክሎስ አንገት በብሎን ስለሚያያዝ ተፈትቶ ሻንጣ ይገባል። ብሎኑ ቢላላ ደግሞ የሚያጠብቀው ቁልፍ ባጃጅ ጠጋኞቻችን ጋ ሞልቷል። እዚህ ከተማ የሚታከም ብቸኛ ሕመሙ እሱ ነው፤ ሌላ ሕመምም ብዙ የለበትም።

የአክስቴ ልጅ አዛለች። ክርም በብዛት እንድታመጣ ነግሬያታለሁ፤ ካርቦኑ ባይለዋወጥም ክሩ ብረት ነው፤ ማታ እሳት ዳር የተቃኘ ክር በውርጭ ተኮማትሮ ጠዋት ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚገኘው። ካርቦን ነው ተብሎም ምድጃ አፍ ላይ አይሰቀልም፤ እሳት ኢፖክሲውን ያለሰልሰዋል።

እናንተም ደጋ ላይ ጊታር የምትይዙ፣ ገንዘቡ ካልተገኘ የእንጨቱን በማይሞቅና በማይበርድ ጥግ ከነሣጥኑ አስቀምጡት፤ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ለበዓል ሰሞን መንገድ ከወጣችሁ ደግሞ ረዳቱ ምንም ቢል ፖርቶ መጋላ ላይ አታስጭኑ፤ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምራችሁ ወንበር ያዙለት።