አንድ ሰው ቀጥሮ አገር መረከብ

የኢትዮጵያ ደመወዝተኛ ዓመቱ 13 ወር፣ ደመወዙ 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን የሚሻገራት በብድር ነው። ለፊሊፒናዊው ግን ነገሩ ተገልብጦለታል፤ ዓመቱ 12 ወር፣ ደመወዙ 13 ጊዜ። ፈርዲናንድ ማርኮስ በ1975 (የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያወጡት አዋጅ ቁጥር 851 አሠሪዎች የ13ኛ ወር ደመወዝ እስከ ፈረንጆቹ ገና ዋዜማ እንዲከፍሉ ያዛል። ብራዚልም ከ1962 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ አላት፤ እዚያ በሁለት ጊዜ ይከፈላል። ጳጉሜን በነጻ የሚሠራ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ቢቀና አይፈረድበትም።

ቴክሳስ ውስጥ በኢንተርኔት የውሻ አልጋ የሚሸጥ ሰው አለ እንበል። ለደንበኞቹ ኢሜይል የምትመልስለት ረዳት ፊሊፒንስ ካለችው ሴቡ ከተማ ይቀጥራል። ቢሮ የለ፣ ወንበር የለ፣ የቡና ማሽን የለ። ሰውየው በርካሽ ተገላገልሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ዲሴምበር ሲገባ ልጅቷ በትሕትና፣ «ሰር፣ የ13ኛው ወር ነገርስ?» ትለዋለች። ሰውየው የግድግዳውን ካላንደር ይቆጥራል፤ 12 ነው። ደግሞ ይቆጥራል። እርግጥ ልጅቷ ኮንትራክተር እንጂ ቋሚ ሠራተኛ ካልሆነች አዋጁ አያስገድደውም። ግን እዚያ አገር 13ኛው ደመወዝ የሌለበት ገና ገና ስለማይመስል፣ ብዙው ቀጣሪ እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል። ሰው ብቻውን አይቀጠርማ! በዓሉን፣ ሰዓቱን፣ ሕጉን፣ መብራት ኃይሉን ሳይቀር አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ከአዲስ አበባ ፕሮግራመር የሚቀጥር አሜሪካዊ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ከስም ጋር ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። ልጁ ዮናስ ተስፋዬ ቢባል፣ ሌላ ምርጫ ስለሌለው የአባቱን ስም ይሞላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤው ሁሉ ለሚስተር ተስፋዬ ነው። አቶ ተስፋዬ ጡረታ ወጥተው ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አባት ናቸው፤ ጃቫ ስክሪፕት የሚባል ነገር በጆሯቸው ገብቶ አያውቅም። ባንኩ ደግሞ አያትም ይጨመሩ ይላል። ከአሜሪካ በሁለት ስም የተላከ ገንዘብ ባለ ሦስት ስም ደብተር ሲገጥመው መሐል መንገድ ላይ ሊገተር ይችላል፤ ለአንድ ወር ሥራ ሦስት ትውልድ ይመረመራል። በዚያ ላይ የቀበሌ መታወቂያው ልደቱን ጥር 1988 ሲል ፓስፖርቱ ጃንዋሪ 1996 ይላል። አስረጂ ካልተገኘ ልጁ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት የዋሸ ይመስላል።

ሰዓቱስ? ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ይህ በበጋቸው ነው። በክረምታቸው ግን አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱት የአዲስ አበባው ስብሰባ ወደ 11 ይገፋል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በየወቅቱ የማትነካካ አገር ናት፤ ፀሐይዋም በዓመት ሁለት ጊዜ አትደናበርም። ስለዚህ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አለቃው ሲተኛ ሠራተኛው ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ይርቀዋል። ዮናስ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ የትኛው 3 እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል።

በዓልን በተመለከተ አንድ የሰው ኃይል ክፍል የዓመቱን ዕረፍት በሠንጠረዥ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። መልሱ፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (በአራት ዓመት አንዴ 20)፣ ኢድ ደግሞ ጨረቃ ከታየች ሰኞ፣ ካልታየች ማክሰኞ የሚል ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ «ጨረቃ ከታየች» ተብሎ የሚሞላበት ሳጥን ግን የለም።

ደስ የሚለውም አለ። በጁላይ 29 ቀን 2024፣ ማለትም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ፕሮግራመር አለቃው ሳያውቅ ደመወዙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዕድገት ጠይቆ፣ ግምገማ ተቀምጦ፣ ደብዳቤ ጽፎ አይደለም፤ ተኝቶ። ሽንኩርትና ዘይት ግን ወሬውን ከእሱ እኩል ሰምተዋል።

ይህን ሁሉ የቅጥር ወረቀት ለመሸከም የተቋቋሙ ኩባንያዎች አሉ። ዲልና ሪሞት የሚባሉት ሁለቱም በ2019 ተመሥርተዋል። ሥራቸው፣ ዋናው ቀጣሪ ቅርንጫፍ በሌለው አገር በእሱ ፈንታ ሕጋዊ ቀጣሪ መሆን ነው፤ ሠራተኛው በወረቀት የእነሱ፣ በሥራ የዚያኛው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ ማድረግ ካማረዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይጠብቅዎታል። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት፣ ለወላድ 120 ቀን። የፌዴራል ሕጉ አንድ ቀን እንኳ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት የማያዝለት አሜሪካዊ ይህን ሲያነብ፣ ራሱ አዲስ አበባ ለመቀጠር ቢመኝ አይገርምም።

እስካሁን የተነሡት አገራቸውን በግልጽ ይዘው የመጡ ናቸው። ደብቆ የሚያመጣም አለ። ቬራይዘን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ የደኅንነት ቡድን በ2013 መጀመሪያ ያወጣው ታሪክ ዛሬም ይነገራል። አንድ የአሜሪካ ድርጅት፣ ከቻይናዋ ሼንያንግ ከተማ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ወደ ኮምፒውተሩ ሥርዓት እየገባ መሆኑን ደረሰበት። የሚገባው በአንድ ሠራተኛው የይለፍ ቃል ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ቢሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል! ጥንቆላ ነው ያለ ባይኖርም፣ የረቀቀ ቫይረስ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር።

ጉዳዩ ሲፈተሽ ሠራተኛው (ቡድኑ ስሙን ደብቆ ቦብ ብሎታል) ሥራውን ለሼንያንግ ኩባንያ በኮንትራት ሰጥቶታል። ከደመወዙ አንድ አምስተኛውን ያህል ይከፍላቸዋል፤ የመግቢያ ቁልፉንም በፌዴክስ ልኮላቸዋል። የቦብ ውሎ እንዲህ ነበር፤ ጠዋት ገብቶ የድመት ቪዲዮ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ገበያ በኢቤይ፣ ቀጥሎ ፌስቡክ፣ ወደ ማታ ለአለቆቹ የሥራ ሪፖርት፣ ከዚያ ቤት። አስደናቂው የግምገማ ውጤቱ ነው። ኮዱ ንጹሕ፣ ሁሉንም በጊዜው የሚያስረክብ፣ የሕንጻው ምርጥ ፕሮግራመር! በእውነቱ ከሆነ፣ ድርጅቱ ሼንያንግ ያሉትን ልጆች ሲያመሰግን ስማቸውን ብቻ ነው የተሳሳተው። ቦብም ቢሆን እንደ ዘራፊ ከመታየት ይልቅ የሰው ኃይል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ቢሾም ያዋጣቸው ነበር።

ቦብ ጨዋ ነበር ያሰኘው ቀጥሎ የመጣው ነው። ፍሎሪዳ ያለው ኖውቢፎር የሌሎች ድርጅቶችን ሠራተኞች ከአጭበርባሪ እንዲጠነቀቁ የሚያሠለጥን ኩባንያ ነው። በ2024 ይኸው ኩባንያ አንድን ፕሮግራመር በቪዲዮ አራት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ ማንነቱን አጣርቶ ቀጠረ። ላፕቶፕ ላከለት። ላፕቶፑ ገና እንደተከፈተ ጎጂ ሶፍትዌር ይጫንበት ጀመር። ሰውየው የተሰረቀ የአሜሪካዊ ማንነት የለበሰ ሰሜን ኮሪያዊ፣ ፎቶውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተኳለ ነበር። ኩባንያው መረጃ አልተወሰደብኝም ብሎ ጉዱን ራሱ ይፋ አወጣ፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

አሪዞና ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ቤቷን የላፕቶፕ ጋጣ አድርጋው ተገኘች። መርማሪዎች ከ90 በላይ ኮምፒውተር ለቀሙ። ሰሜን ኮሪያውያኑ ከሩቅ ሆነው ይሠሩባቸዋል፤ 309 የአሜሪካ ድርጅቶች ግን ሠራተኛቸው እዚያው አገራቸው ውስጥ ያለ ይመስላቸው ነበር። ለሴትዮዋና ለሰሜን ኮሪያ የገባው ከ17 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ሴትዮዋ በጁላይ 2025 ስምንት ዓመት ተኩል ተፈርዶባታል። እነዚህ ድርጅቶች ሰው ቀጠርን ብለው መንግሥት ቀጥረው ኖረዋል።

ከዚህ ወዲህ ቃለ መጠይቅ መልኩን ቀይሯል። ተወዳዳሪው እጁን ፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ ይጠየቃል፤ የተቀባ ፊት ከሆነ ይዛነፋል ተብሎ ነው። የሳይበር ደኅንነት ባለሙያዎች ያስፋፉት ሌላ መፈተኛ ደግሞ፣ «ኪም ጆንግ ኡን ምን ያህል ወፍራም ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰሜን ኮሪያዊ ከሆነ መሪውን ከሚያማ መስመሩን መዝጋት ይመርጣል ይላሉ። ሳይመልስ የጠፋ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። እንግዲህ ዮናስ፣ ይኸው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ስቆ፣ «እንግዲህ ኪሎውን ባላውቅም...» ብሎ ሲጀምር፣ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋበት ለማን አቤት ይላል?