ቾኩን ሳያዩ ኮፈን አይክፈቱ

አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ያለዎት የሶዶ ነዋሪ፣ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ሃይሉክስም ትሁን ትልቅ ሞተር የተሸከመች የድሮ ላንድክሩዘር፣ ካርቡሬተር እስካላት ድረስ ችግራችን አንድ ነው። አይሱዙ የሚነዱ ግን ገጹን ቢገልጡት ይሻላል፤ የናፍጣ ሞተር ካርቡሬተርም ቾክም የለውም። ይህን መናገር የሚያስፈልገው የቆመ አይሱዙ አጠገብ መጥቶ «ቾኩን ሳበው እንጂ!» የሚል ሰው መናኸሪያ አካባቢ ስለማይጠፋ ነው።

መኪናዎ መንገድ ላይ ስትጠፋ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮፈን አይክፈቱ። ኮፈን መክፈት ስብሰባ መጥራት ነው። ባጃጅ ነጂው «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሎተሪ አዟሪው «ካንዴላ»። ድሮ ላንድሮቨር የነዱ አንድ አባት ደግሞ ከየትም ብቅ ብለው ፑንቲናው እንዲፈታ ያዛሉ። ለሁሉም በአክብሮት ራስዎን ይነቅንቁ፤ ፒንሳውን ግን ለማንም አይስጡ። ስብሰባው ሲሟሟቅ ቀስ ብለው ጋቢና ይግቡና ጠዋት የሳቡትን ቾክ መልሰውት እንደሆነ ይመልከቱ። ካልመለሱት ማንም ሳያይ ይመልሱት፤ ከዚያ «እስቲ አሁን ልሞክር» ይበሉ። ምስጋናውን ለአባት ይስጡ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዳሞታ ተራራ ግርጌ ጠዋት ይበርዳል፤ ቤንዚን ደግሞ በብርድ በደንብ አይተንም። ቾክ የምንለው በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለ ስስ ክዳን ነው። ሲሳብ አየሩን ያፍነዋል፣ ሞተሩም ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣና ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ክዳኑ እንደተዘጋ ከቀረ ጥቁር ጭስ፣ ዓይን የሚያስነባ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ይከተላል፤ ከዚያም ፀጥ።

የአሮጌ መኪና ቾክ እጀታ ተስቦ አይቆምም፣ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ስለዚህ የልብስ መቆንጠጫ ይደረግበታል። ይህን የምሕንድስና ግኝት አልቃወምም። የምለምነው መቆንጠጫው ቀይ እንዲሆን ብቻ ነው፤ ዳሽቦርዱን የሚመስል ግራጫ መቆንጠጫ እንደተረሳ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ቤት ልብስ በታጠበ ማግስት ቾኩ አልይዝ ቢልዎት ደግሞ መካኒክ ጋ አይሂዱ፣ የልብስ ገመዱን ይፈትሹ።

ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህን ለካርቡሬተሩ የነገረው የለም፤ ቆላ ያለ መስሎት ቤንዚኑን ያንቆረቁራል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ያለ ቾክም ቤንዚን ይበዛል፣ ቾኩም ቶሎ መመለስ አለበት። ሁምቦን አልፈው ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሶዶ ላይ በጥንቃቄ የተስተካከለው ሚኒሞ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የአርባ ምንጩ መካኒክ «ይህን ማን ነካካው?» ብሎ በካቻቢቴ ያስተካክለዋል። ሲመለሱ የሶዶው መካኒክ ያንኑ ይጠይቃል። አያጣሏቸው። አብዛኛውን ቀንዎን በሚያሳልፉበት ከተማ ይስተካከልና ይብቃው።

ቾኩ ተስቦ ካልሆነ አልሄድ የምትል መኪና አለች። ባለቤቷ «ጠባይዋ ነው» ይላል። ጠባይ አይደለም። ወይ ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ማሸጊያ ወይ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በኩል ትርፍ አየር እየሾለከ ይገባል፣ ወይ ሚኒሞውን የሚመግበው ቀጭን ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኗል። ቾኩ ያንን ጉድለት እየሸፈነ ነው። ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ከገዙ ስለ ቆሻሻው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ አንዳንዴ ውኃም በነፃ ይመረቅበታል።

የታንክ ክዳንዎ ጠፍቶ በፌስታል አስረውት ከሆነም እሱን ይጠርጥሩ። ቤንዚኑ በተሳበ ቁጥር አየር ሊተካው ይገባል፤ ፌስታሉ አጥብቆ ከያዘ ቤንዚኑ መምጣት ያቆማል። ሲፈቱት «ፉት» ካለና መኪናዋ ወዲያው ከተነሳች፣ ለካርቡሬተር እጥበት ያሰቡትን ገንዘብ ለክዳን ያውሉት።

ዓባያ ሐይቅ ዳር በቀትር ከጠፋችስ? ሙቀቱ ቤንዚኑን ቱቦው ውስጥ አትንኖት ይሆናል። የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉ፣ ጥላ ፈልገው ሙዝ ይግዙ፣ ቀስ ብለው ይብሉ። ሙዙ የጥገናው አካል ነው፤ ዘለው የተነሱ ሰዎች ባትሪ ጨርሰዋል። ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን ላንጠባጥብልዎ የሚል ረዳት ከመጣ ግን ሙዝ ሰጥተው ያርቁት። እሳቱ ወደ ላይ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው ያጎነበሰውን ፊት ነው። ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ከታፈነም ፔዳሉን ደጋግመው አይምቱት፤ እስከ ታች ረግጠው ይዘው ሞተሪኖውን ያዙሩ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ ራሱን ቅርስ አድርጎ ቆጥሯል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሊሸጡ ካሰቡ ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነስተው ያሙቋት። ሊገዙ ከሆነ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ይሂዱ፣ ሰላምታ ሳይጨርሱ መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ ስለ ዋጋ ምንም አይናገሩ፤ ቡናውን ጠጥተው፣ ባለቤቱን አመስግነው፣ በማግስቱ ከዶሮ ቀድመው ይመለሱ።