ስግደትና ጉልበት

የስቅለት ዕለት ማለዳ የደብሩን ቅጥር ስትረግጡ መጀመሪያ የምታዩት ጥላ ያለበት ቦታ በሙሉ መያዙን ነው። የያዙት እናቶች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁራጭ ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ ዛፉንም ግድግዳውንም ሳይነጋ ተከፋፍለውታል። ለኛ የሚተርፈን ፀሐይና ጠጠር ነው።

የሁዳዴ 55 ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚመጣ ቀን ነውና ሆድ ባዶ፣ ጉልበት ሰነፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቀችንን ስግደት በአንድ ቀን የምትጠይቀን ያኔ ነው። ግብረ ሕማማት ከነግህ እስከ ሠርክ ይነበባል። መጽሐፉን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አባ ሰላማ መተርጉም እንደሆኑ ይነገራል። ትጉህ ሰው ነበሩ፤ ወገባችንን አስበው አንድ ገጽ እንኳ የዘለሉ አይመስለኝም።

በሰሙነ ሕማማት ከምወዳቸው ሥርዓቶች አንዱ መሳሳም አለመኖሩ ነው። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ የሚባል ሰላምታ እስከ ትንሣኤ ይቀራል። የዕቁባችንን ሰብሳቢ በር ላይ ሳገኘው ከሩቁ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። እሱም በጨዋ ደንብ ጎንበስ አለ፤ ዐይኑ ግን «ፋሲካ እኮ እሑድ ነው» ይል ነበር።

ከጎኔ የቆመው ወጣት ጂም የሚሠራ መሆኑ ከክንዱ ያስታውቃል። አጀማመሩ ግሩም ነበር፤ ወድቆ ሲነሣ መሬቱን በመዳፉ ገፍቶ ፑሽ አፕ ሠርቶ ነው የሚነሣው። ኪርያላይሶኑን ስንቀጥል፣ አንዱ 41 አልቆ ሌላው ሲጀመር፣ መጀመሪያ ነጠላውን አስተካከለ፤ ቀጥሎ የጫማውን ክር ፈታ፤ ጫማው የወለቀ መሆኑን ሳይ ግን አዘንኩለት። ቀትር ላይ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሌላ ጥያቄ የለም፤ እየደጋገመ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ከፊታችን የነበሩት እማማ ግን ከታክሲ ሲወርዱ ሁለት ሰው ደግፏቸው ያየኋቸው ናቸው። አንዲት ስግደት አላመለጠቻቸውም። በንባቡ መሐል ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረጉት?» አልኳቸው።

«ቀስ ብሎ ነዋ ልጄ! እናንተ ሰው እንደሚያባርረው ትሰግዳላችሁ።»

ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፤ ዜማው የኀዘን ነው፤ ፀሐይዋም ከአናት አትወርድም። አንድ ጎልማሳ ግንባሩን መሬት አስነክቶ በዚያው ቀረ። በተመስጦ ነው ብለን ቀናንበት። ሁላችን ተነሥተን፣ ወድቀን፣ ደግመን ስንነሣ እሱ እዚያው ነው። በኋላ ቀጭን የማንኮራፋት ድምፅ ተሰማች። እማማ በመቋሚያቸው ጫፍ ተረከዙን ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ አንተም እስከ እሑድ ልትቆይ ነው እንዴ?» አሉት። ተፈናጥሮ ተነሣ። በዚያ የልቅሶ ቀን ሳቅን መዋጥ ከስግደቱ ሁሉ ይከብዳል፤ ወጣቱ ነጠላውን አፉ ላይ ጎስጉሶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ ከኋላ ያለች ሴትዮ የሚያለቅስ መስሏት «አይዞህ» አለችው።

ማምሻውን ጥብጠባ ሆነ። ካህኑ የወይራ ቅጠላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እኛ ተሰልፈናል። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ቸብ ቸብ ይደረግና የስግደት ቁጥሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ነጋዴ መሆን አለበት።

«50 ስገድ» አሉት።

«አባቴ፣ ወገቤን ያመኛል፤ 30 ቢሆንልኝ?»

«ትናንት ጉልባን ስትበላ ወገብህ ደኅና ነበር?»

«ኧረ አባቴ፣ 35 ያድርጉልኝ...»

«70!»

ሰልፉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ከኛ ወገን ዋጋ የጠየቀ ሰው የለም። ተራዬ ሲደርስ አፌን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ 40 ወጣልኝ፤ እጅ ነሥቼ ሄድኩ። እማማንም ቸብ አደረጓቸው፤ «እርስዎማ ምን አለብዎት» ብለው ሊያሳልፏቸው ሲሉ ግን ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሱም። «ኧረ አባቴ፣ ይጨምሩልኝ!» አሉ። ደግሞ እኮ አክፍሎት ይዘዋል፤ እስከ እሑድ ሌሊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ቤቴ ገብቼ የተረፈውን ጉልባን ጠራርጌያለሁ።

አንድ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የታዘዘ ስግደት እየከፋፈሉ መስገድ ይፈቀዳል? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት አይሰገድም፤ እኔ ደግሞ ገና ግማሹ ይቀረኛል።