አንድ ደቂቃ ብቻ

ኮምቦልቻ ቢሮዬ አርፍጄ በገባሁ ቁጥር ምክንያቴ ያው ነው፦ «ደሴ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ!» ውሸት የለበትም። የዘጋሁት እኔ መሆኔን ብቻ አልጨምርም።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። ጦሳና አዝዋ ገደል ግራና ቀኝ ይዘዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና መሃሏን ሰንጥቋት ይሄዳል። ሲኖትራኩም፣ ባጃጁም፣ የእጅ ጋሪውም፣ ለሰኞ ገበያ በግ የሚነዳውም በዚያችው ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ላይ አሮጌ ቪትዜን ገትሬ ቆሎ እገዛለሁ። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ ነው ታዲያ፤ ፍሬቻ ሲበራ ጥፋት የሚሰረዝ ይመስለኛል። እትዬ በስኒ ለክተው፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልለው በመስኮት ያቀብሉኛል። ከኋላዬ ክላክስ ይጮሃል፤ እኔ የምራቂ ክርክር ላይ ነኝ።

ኢንዶኔዥያውያን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመንገድ አቅም መመሪያ የመንገድ ዳር ሽርጉድን በነጥብ ይቆጥሩታል። በ200 ሜትር ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ እግረኛ 0.5፣ የሚቆም መኪና 1፣ ከዳር የሚገባና የሚወጣ 0.7፣ ቀርፋፋ ጋሪ 0.4 ይያዝበታል። ድምሩ ከ900 ካለፈ «እጅግ ከፍተኛ» ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ባጃጁንና ጉልቱን የምከስበት ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለሙከራ ከራሴ ጀመርኩ። ስቆም 1፤ ተነሥቼ ስገባ 0.7፤ መቆሜን አይተው መንገድ አቋርጠው የመጡት ሶፍትና ሙዝ ሻጮች ሁለት ግማሽ። ለአንድ ስኒ ቆሎ 2.7! እትዬስ? ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም፤ ዜሮ ናቸው።

ይባስ ብሎ የሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ጉልት ከመንገድ ዳር ይነሣልን» ያልኩት እኔ ነኝ። ተጨብጭቦልኛል። ኪሴ ውስጥ የእትዬ ቆሎ ነበር።

ትናንት ተጸጽቼ ቪትዟን ቤት ትቼ በሚኒባስ ሄድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሽቅብ የሚያቃስቱትን ከባድ መኪኖች እያየሁ፣ ዛሬስ ነጥቤ ዜሮ ነው አልኩ። ረዳቱ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ሁሉ ሲያስቆም ከሁሉም በላይ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ፤ «ሥራ የሌለን መስሎህ ነው?» ብዬዋለሁ። ኮምቦልቻ ገብተን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ግን ከአፌ አመለጠኝ፦ «ወራጅ አለ!»

«ጋሼ፣ እዚህ አይቆምም፤ ፌርማታው ከፊት ነው።»

«እዚችው! አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ቆመ። ከኋላችን አንድ ባለተሳቢ፣ ከተሳቢው ኋላ ሦስት ባጃጅ፣ ከባጃጆቹ ኋላ ጋሪ። ክላክሱ ሲያንባርቅ ረዳቱ እጁን ዘርግቶ «ሒሳብ!» አለኝ። ለካ አልከፈልኩም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ኪሴን ዳብሼ እጄን ባወጣው፣ የጨበጥኩት ቆሎ ነው።