መጋዙን ያልላክሁበት ምክንያት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለጋሼ፣ ወግዲ

አሥሩም ጣቶቼ አሉ። ጣቶቼን መቁጠሬ ለወግ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡብኝ ነው።

ባለፈው በስልክ «እዚያ አገር ብረትን እንደ እንጨት የሚሰነጥቅ መጋዝ አለ አሉ፤ አንድ ላክልኝ» ብለውኝ ነበር። አልላክሁም። ስስት እንዳይመስልዎ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎ።

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔም ቢላ መሥራት ጀምሬያለሁ። ወናፍ ንፋ ሲሉኝ ፍየል ጠፋ ብዬ ገደል ለገደል የምሸሸው ልጅ፣ ዛሬ ከፓርኪንግ ሥራ ስወጣ በገዛ ገንዘቤ ብረት ገዝቼ እቀጠቅጣለሁ። እዚህ ይሄ «ሆቢ» ይባላል። የጥርስ ሐኪሙና ጠበቃው ሳይቀሩ ቅዳሜ ቅዳሜ የቆዳ ሽርጥ አሸርጠው መዶሻ ያነሳሉ፤ ጎረቤትም «ጎበዝ!» ይላቸዋል እንጂ ልጁን ከዓይናቸው አይሸሽግም። ምኒልክ ባለሙያን በሙያው፣ ብረት ሠሪውንም «ጠይብ» እያላችሁ አትስደቡ ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ ወደ እኛ ገበያ ሲመጣ ወንጪት ወንዝ ሞልቶበት ቀርቶ እንደሆን እንጃ።

ወደ መጋዙ ልመለስ። ባንድ ሶ ይባላል። ጫፍና ጫፉ ተበይዶ እንደ ቀበቶ የዞረ ቀጭን ምላጭ በሁለት መዘውር ላይ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ ሴጌቶ ወደ ኋላ መመለስ ትቶ ወደፊት ብቻ ሲሄድ ያስቡት። ርካሹ የአናጢዎች ነው። እሱን ልገዛ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር፤ ለካ የእንጨቱ ምላጭ በደቂቃ እስከ 900 ሜትር ይሮጣል፣ ለቢላ ብረት ግን 30 ሜትር ግድም ይበቃዋል። በዚያ ሩጫ ብረት ያስነኩት እንደሆነ ጥርሱ ግሎ ወዲያው ይሞታል።

ሁለተኛው እንደ አልጋ የተጋደመ፣ ወደ 60 ኪሎ የሚመዝን ነው። ደህና መጋዝ ነው፤ ግን የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። አፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታሉን ሴባስቶፖል ከጋፋት እስከ መቅደላ አስጎትተው አውጥተውታል። እኔ ጠዋት ጓደኞቼን «ኑ አግዙኝ» ብላቸው ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ወገቡን ያመዋል።

ስለዚህ በእጅ የሚያዘውን፣ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን፣ ያገለገለ በ90 ዶላር ገዛሁ። ምላጩ ዙሪያው 1 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነው። በቁሙ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩትና ሁለቱም እጆቼ ብረቱን ለመግፋት ነፃ ወጡ። ፍጥነቱ ስለሚቀነስ ዝቅ አድርጌ ነው የማሠራው። ይኼን ያህል በርካሽ ተገላገልሁ ብዬ ራሴን አመሰገንሁ።

የተረፈኝን ገንዘብ ግን ምላጭ በላው።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ምላጭ በኢንች 10 ጥርስ ነበረው። ብረቴ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያርፉት ሁለት ጥርሶች ናቸው። ጋሼ፣ ይኼ የጉልቻ ነገር ነው፤ ሁለት ጉልቻ ድስት አያቆምም። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ካላረፈ ብረቱ በጥርሶቹ መሃል ይገባና አንድ በአንድ ይነቅላቸዋል። ነቀላቸው። ድምፁ በቆሎ ሲፈነዳ ይመስላል።

ቀጥሎ በኢንች 18 ጥርስ ያለው ገዛሁ፤ ያው ስስት ይዞኝ ሦስቱ በአንድ ዋጋ የሚሸጠውን። ጥርሱም ገላውም አንድ ዓይነት ተራ ብረት ስለሆነ ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ ደነዙ። ደኅናው ባይሜታል የሚሉት ነው፦ ገላው እንዲታጠፍ ለስላሳ፣ ጥርሱ ግን የብረት መሰርሰሪያ ከሚሠራበት፣ ቢግልም ጥንካሬው ከማይለቀው ብረት የተበየደ። እርስዎ ለመጥረቢያ አፉን አጥንክረው ጀርባውን ለስላሳ እንደሚተዉት ማለት ነው። ዋጋው የርካሹ ሦስት እጥፍ ነው፤ እኔ ግን ርካሹን ስድስቴ ከገዛሁ በኋላ ነው ሒሳቡ የገባኝ።

በዚህ ባይሜታል ከወዳደቀ የጭነት መኪና ያገኘሁትን ባሌስትራ ልቆርጥ ተነሳሁ። አሁንም ደነዘ! ባሌስትራው ላይ ሞረድ ባሳርፍ እንኳ በጭንቅ ነው የሚነክሰው። ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ባሌስትራ ከመንካትዎ በፊት አግለው፣ አመድ ውስጥ ቀብረው፣ «ይተኛ፣ አትቀስቅሰው» የሚሉት። ፎቅ ላይ ከሰል ቢጨስ የእሳት ማንቂያው ሕንጻውን ሁሉ ያስወጣል፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ግቢ፣ ሥጋ መጥበሻው ላይ አደረግሁት። ማግኔት መያዝ እስኪተው ድረስ፣ 770 ዲግሪ ግድም መሆኑ ነው፣ አጋልሁና አመድ ውስጥ አሳደርሁት። የጎረቤቱ ሰውዬ በአጥር በኩል «ጥብሱ ደረሰ?» አለኝ። «ነገ ጠዋት» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ያሳጥርብኛል።

በነጋታው መጋዙ ሸንኮራ እንደሚቆርጥ ሄደልኝ።

ኋላማ ሥልጡን ነኝ ብዬ አዲስ ብረት በፖስታ አዘዝሁ። እዚህ ብረትን በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ቢላ ሠሪዎቹ ሲያወድሱት የሰማሁት 5160 ነበር። መጣ፤ ለስልሶ፣ ተወልውሎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ምን የሚሠራበት ነው ብዬ ባጣራ፣ የመኪና ባሌስትራ! እርስዎ ከአይሱዙ ሥር ፈትተው የሚያነሱትን እኔ የፖስታ ከፍዬ አስመጣሁ።

እንግዲህ ያልላክሁበት ምክንያት ይኼ ነው፦ የእኔ መጋዝ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ አገር ግድግዳ 220 ይተፋል። እንደሰኩት በጢስ ይሰናበትዎታል። ባለባትሪውም ቢሆን ቻርጀሩ ያው ነው። በምትኩ አንድ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይዞ ስለሚመጣ ከሰው ሁሉ መድኃኒትና ጫማ መሃል ለእርስዎ ደርዘን የሴጌቶ ምላጭ አስገብቼበታለሁ፤ ሁሉም ባይሜታል። ባለ18ቱ ለወፍራም፣ ባለ24ቱ ለስስ ነው። እትዬ ጎመን መክተፊያ እንዳያደርጉት ይደብቁት።

ከምላጮቹ ጋር በጨርቅ የታሰረ ቢላ ያገኛሉ። የመጀመሪያዬ ነው፤ ጀርባው ትንሽ ጠሟል። እዚህ አንዱ «150 ዶላር ልስጥህ» ብሎኝ ነበር። እርስዎ ግን በአውራ ጣትዎ ስለቱን ሲዳስሱት ምን እንዳሉ መንገደኛው ሳያሳምር እንዲነግረኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ወናፍ ሸሺው ልጅዎ