ማሰርና መፍታት በአንዲት ጠቅታ

በቀደመው ዘመን ሰውን ከማኅበር መለየት እጅግ አድካሚ ሥራ ነበር። ጌታ በወንጌል ባስተማረው ሥርዓት የተበደለ ሰው አስቀድሞ ወደ በዳዩ ብቻውን ሄዶ ይወቅሰዋል፤ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ምስክር ይዞ ይመለሳል፤ እነርሱንም እንቢ ቢል ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ እንደ ባዕድ የሚቆጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ሕግ ለእግረኛ ትውልድ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ዛሬ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ቡናውን የሚጠጣ ማንኛውም ምእመን፣ ያለ ክህነት፣ ያለ ጉባኤና ያለ ምስክር፣ በተከሳሹ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ጠቅ አድርጎ «ብሎክ» የሚለውን በመምረጥ የማሰርን ሥልጣን በምልዓት ይጨብጣል፤ ሒሳቡም አንድ ስለ ሆነ በላፕቶፕ ያሰረው በስልክም የታሰረ ይሆናል።

የዚህ ግዝት ትልቁ ጸጋ ምስጢራዊነቱ ነው። ፌስቡክ ለተወገዘው ሰው ውግዘቱን አያስታውቅም፤ በዋትስአፕም የላከው መልእክት በአንዲት የራይት ምልክት ተወስኖ ሁለተኛዋን ሲጠብቅ ይኖራል። ኔትወርክ መጥፋቱ እንግዳ ነገር ባልሆነበት አገራችን፣ ገንዘቡን ያበደረ የዋህ ሰው ጥፋቱን በቴሌ ላይ እየጣለ ለተበዳሪው ጤንነት ሲጸልይ ይከርማል።

በማስፈራሪያ ሴት የሚያስጨንቅ ባለጌና «ዕጣ ወጥቶልሃል» እያለ የሚያጭበረብር ሌባ ይታሰሩ፤ መሣሪያው የተሠራው ለእነርሱ ነውና ይህን የሚነቅፍ አእምሮ ያለው ሰው የለም። ዳሩ ግን ሌባው በማግሥቱ በሌላ ቁጥር ታድሶ ሲመለስ፣ ከአንድ ቁጥር በቀር የሌላቸው አክስት፣ ስለ አባት ርስት አንድ ጊዜ በመጠየቃቸው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ታሰሩ ይኖራሉ። ከእሳቸው ጎን በአሳሪው ጽሑፍ ላይ የታሪክ ስሕተት ያረመው የትምህርት ቤት ጓደኛ አለ፤ የእናት መድኃኒት ማለቁን ያሳሰበ ታናሽ ወንድም አለ፤ ብድሩን በትሕትና፣ ይኸውም «ደኅና አደርክ ወንድሜ» በማለት ብቻ፣ ያስታወሰ ጎረቤት አለ። ይህን ሁሉ ጠላት ድል ነሥቶ የተቀመጠ ጀግና ስለ ሰላሙ ሲጠየቅ «አእምሮዬን አሳረፍሁ» ይላል፤ እኛም ስለ ዕረፍቱ እንመሰክርለታለን።

የመሣሪያው ሊቃውንት ግን ፍጹማን አይደሉም። ፌስቡክ የተፈታን ሰው መልሶ ለማሰር 48 ሰዓት መታገሥን ደንግጓል፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ ሰዎች ሳያስቡት ሊታረቁ እንደሚችሉ ሕግ አውጪው አለመገንዘቡ ያሳዝናል። ጂሜይልም የታሰረውን ሰው ደብዳቤ በር ላይ አይመልስም፤ የአይፈለጌ መልእክት ሣጥን ውስጥ ጥሎ፣ 30 ቀን ካቆየው በኋላ፣ አርባውን እንኳ ሳይጠብቅ ይደመስሰዋል።

ከሁሉ የከፋው ነውር በቴሌግራም አለ፤ የታሰረው ሰው በእድሩ ግሩፕ ውስጥ እንደ ቀድሞው መናገሩን አያቋርጥምና፣ አሳሪና ታሳሪ አንዱን የሞት መርዶ በአንድ ሰዓት ያነብባሉ። ስለዚህ ለእድራችን ሹማምንት የምናቀርበው አቤቱታ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አባል በላፕቶፑ ላይ ያሰራቸውን ሰዎች ዝርዝር አትሞ ለጸሐፊው ያስረክብ፤ አባሉ ባረፈ ጊዜም በዝርዝሩ የተጻፉት ድንኳን ከመትከል፣ ንፍሮ ከመቀቀልና ሬሳ ከመሸከም በክብር ይታገዱ። የተረፉት ሸካሚዎች ከአራት ቢያንሱ፣ ጸሐፊው ሟቹ ሳያስር የተዋቸውን የዕጣ ሌቦች በአዲሱ ቁጥራቸው ደውሎ ይጥራ።