የጥቅምት 5 ንጹሕ እጆች

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እጁን አይታጠብም የሚል ሐሜተኛ ካለ፣ ጥቅምት 5 ቀን ወደ አንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ብቅ ይበል። ዓለም አቀፉ የእጅ መታጠብ ቀን በ2001 ዓ.ም. መከበር ከጀመረ ወዲህ በዚያች ዕለት የሚጎድል ነገር የለም። ባነር ይሰቀላል፣ ሚኒ ሚዲያው ይጮኻል፣ ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ። ውኃውም በጀሪካን፣ በአህያ ጀርባ፣ ከእንግዶቹ ቀድሞ ይደርሳል። የተመረጠችው ተማሪ ካሜራ ፊት ሁለት ጊዜ ትታጠባለች፤ አንዴ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዴ ለረጂው ድርጅት። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፤ ግንዛቤውንም ባልታጠበ እጃቸው ጨብጠው ወደ ክፍል ይገባሉ።

በማግስቱ ሳሙናው ግምጃ ቤት ይቆለፍበታል። ምን ይደረግ! በሞዴል 19 ገቢ የሆነን ንብረት በሞዴል 22 ወጪ ሳያደርጉ በልጆች መዳፍ ላይ ማሟሟት በኦዲት ያስጠይቃል።

ሥልጠናውስ ቢሆን መቼ ተጓደለ? የጤና ክበቡ ተጠሪ መምህር ዞን ከተማ ድረስ ተጠርቶ፣ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ፣ የእጅ አስተጣጠብን ቅደም ተከተል በፕሮጀክተር ተምሯል። የሆቴሉ ቧንቧ ውኃ ስላለው የተግባር ልምምዱም ሠምሯል። አበሉን ተቀብሎ ሲመለስ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ አንድም አልቀነሰለትም፤ ክበቡ የሚሰበሰበው ጊዜ ሲተርፈው ነው። በመንፈቁ ዝውውር ሲደርሰው ማኑዋሉም አብሮት ይሄዳል። ተማሪዎቹ ግን ትምህርቱ አልቀረባቸውም፤ በአካባቢ ሳይንስ ፈተና ላይ «ከምግብ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ» ብለው ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ።

ለዚህ ሁሉ ድግስ አልገዛም ያለው የሆድ ትል ብቻ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ዘመቻ በየትምህርት ቤቱ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ይታደላል፤ ቢልሃርዚያ ባለበት ደግሞ ፕራዚኳንቴል በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ ይሰጣል። ይህስ ያለ ሽሙጥ የሚመሰገን ሥራ ነው። መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አፈር ውስጥ ተራውን የሚጠብቀውን እንቁላል ግን አይነካውም። ውኃና ደህና ሽንት ቤት በሌለበት ግቢ ልጁ ትሉን እዚያው አራግፎ እዚያው ይሸምታል። ዘመቻውም ለከርሞ ሥራ አያጣም።

ደግሞ ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራልም። ስለዚህ በዕደላው ቀን «ቁርስ የበላችሁ ብቻ ተሰለፉ» ይባላል። ያልበላው ዞር ይላል፤ በጦመኛ ሆድ የሚኖር ትል ምን ይበላል ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።